የዛፍ እንቁራሪት አመጋገብ፦ ሥራው የሚጀምረው ከፌንጣው ሆድ ነው

ሆዷ ጠግቦ አጥንቷ የሚራብ እንስሳ ቢኖር ቤት ውስጥ የምትያዝ የዛፍ እንቁራሪት ናት። በየማታው ፌንጣ ትውጣለች፣ ትወፍራለች፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መንጋጋዋ እንደ ጎማ ይለሰልሳል፤ እንጨት ላይ መውጣት ያቅታታል። ባለቤቷ «በደንብ ትበላ ነበር እኮ!» ይላል። እውነቱን ነው፣ ትበላ ነበር። የምትበላው ግን ባዶ ጆንያ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንቁራሪት በምትውጠው ምግብ ውስጥ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ መሆን አለበት። በፌንጣና በዱቄት ትል ገላ ውስጥ ያለው የተገላቢጦሽ ነው፤ ፎስፈረሱ ካልሲየሙን ብዙ እጥፍ ያስከነዳዋል። ጉድለቱን ሰውነቷ ከራሷ አጥንት እየቆነጠረ ይሞላዋል። ጫካ ያለችው እንቁራሪት በአንድ ሌሊት የእሳት እራት፣ ሸረሪት፣ ትንኝ፣ ጢንዚዛ ታገኛለች፤ እነዚህም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቅጠልና አበባ በልተው የመጡ ናቸው። ቤት ያለችው የምታገኘው እናንተ የሰጣችኋትን አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ስለዚህ ፌንጣውን እንደ ጆንያ ቁጠሩት፤ ዋጋው በውስጡ በምትሞሉትና በላዩ በምትነሰንሱት ነው።

በመጀመሪያ እንቁራሪቷን ለዩ

ጅማና ዙሪያዋ ረግረግም ጫካም ስላላቸው እንቁራሪት ብርቅ አይደለችም። ይሁን እንጂ ከዱር ይዞ ቤት ማስገባት ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኙ ዝርያዎችም አሉን፤ ስሟን ከእንሰት ያገኘችው አፍሪክሳለስ ኤንሴቲኮላ አንዷ ናት። ዓይን ስለሳበች ብቻ ከቅጠል ላይ የሚለቅም ሰው ምን እንዳነሳ አያውቅም። ይህ ጽሑፍ በሕጋዊ መንገድ ለያዙ፣ ለትምህርት ወይም ለምርምር ለሚያሳድጉ ነው።

ለአመጋገብ ከስሟ ይልቅ የሰውነቷ ርዝመት ይጠቅማችኋል። ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ቂጧ ለኩ።

ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑት የሸንበቆ እንቁራሪቶች ናቸው፤ ሃይፐሮሊየስና አፍሪክሳለስ የሚባሉት ወገኖች። ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከሆነች ዓይነ ትልቋ ሌፕቶፔሊስ ልትሆን ትችላለች። ከ7 እስከ 10 የሚደርሰው በውጭ አገር በብዛት ቤት ውስጥ የሚያዘው የአውስትራሊያው አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪት ነው።

የምግቡ መጠን ሕግ ለሁሉም አንድ ነው፦ የነፍሳቱ ውፍረት በእንቁራሪቷ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ክፍተት መብለጥ የለበትም። ከዚያ የበለጠ ከሆነ ወይ ትተፋዋለች፣ ወይ አንጀቷ ላይ ይደፈናል። ስትጠራጠሩ አነስተኛውን ምረጡ፤ ሁለት ትንንሽ ፌንጣዎች ከአንድ ግዙፍ ይሻላሉ።

ምን ያህል፣ በየስንት ቀኑ

አንድ ዓመት ያልሞላት በየቀኑ ትበላለች፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ አንስታ የጨረሰችው በቂዋ ነው። ያደገች በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃታል፤ ለምሳሌ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ያደገች የሸንበቆ እንቁራሪት በአንድ ምግብ ከ5 እስከ 10 የፍራፍሬ ዝንብ ወይም የዚያን ያህል ገና የተፈለፈለ ፌንጣ ትወስዳለች። ሌፕቶፔሊስን ለመሰለች መካከለኛ ከ3 እስከ 5 መካከለኛ ፌንጣ፣ ለትልቁ የአውስትራሊያ ዝርያ ደግሞ ከ3 እስከ 6 ያደገ ፌንጣ ይበቃል።

ቁጥሩ መነሻ ነው፤ ዳኛው ገላዋ ነው። ከላይ ወደ ታች እዩአት። የዳሌዋ አጥንት ጎልቶ ከታየ ጨምሩ። ሆዷ ሁልጊዜ እንደ ሸክላ እንስራ ወደ ጎንና ጎን ከተነፋ፣ ከጆሮዋ በላይ ያለው ቆዳ ተጣጥፎ ከወረደ፣ አንድ ቀን ቀንሱ። ትልልቆቹ ዝርያዎች ሆዳሞች ናቸው፤ እስካቀረባችሁላቸው ድረስ ይውጣሉ። የተረፈው ቅባት አንዳንዶቹ ላይ ዓይን ውስጥ ነጭ ደመና ሆኖ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ደግሞ አይመለስም።

ነፍሳቱን ማዘጋጀት

የእንቁራሪት አንጎል የሚያውቀው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። የሞተ ፌንጣ አፍንጫዋ ሥር ቢቀመጥ ድንጋይ ነው ለእሷ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ የምግብ ሥርዓቷ አይፈጨውም። ጥሬ ሥጋ በማንኪያ እያወዛወዙ የሚያጎርሱ አሉ፤ ሥጋ ከፌንጣም የባሰ የካልሲየም ድሃ ነው። ቁርጡን ለራሳችሁ አድርጉት።

ዋናው ምግብ ሌሊት ጭር ጭር የሚለው ጥቁሩ ፌንጣ ነው። ለማርባት፦

1. 40 ሊትር የሚይዝ፣ ጎኑ የሚያንሸራትት የፕላስቲክ ሳጥን አዘጋጁ። ክዳኑን በሰፊው ቀዳችሁ በብረት ወንፊት ሽፈኑት። ጨርቅ ካደረጋችሁ በሁለት ሌሊት በልተውት ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ጭርጭርታው ከመኝታ ቤታችሁ ነው የሚሰማው።

2. የእንቁላል ትሪዎችን አቁማችሁ ደርድሩ፣ አታጋድሟቸው። ቆመው ሲሆኑ ኩሳቸው ወደ ታች ይረግፋል፤ ተጋድመው ሲሆኑ ላዩ ላይ ይከማችና ሳጥኑ ይሸታል። ያ ሽታ ሲጀምር ፌንጣው በጅምላ ያልቃል።

3. ውኃ በሳህን አታስቀምጡ፣ ይሰምጡበታል። እርጥብ ጥጥ በክዳን ላይ አድርጉ፤ በየሁለት ቀኑ ቀይሩ።

4. ለአንድ ወንድ ሦስት ሴት ይበቃል። ሴቷ ከኋላዋ እንደ መርፌ የወጣ ነገር አላት፤ እንቁላሏን አፈር ውስጥ የምትወጋው በሱ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው እርጥብ አፈር በእርጎ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡላት።

5. ከ3 ወይም ከ4 ቀን በኋላ ዕቃውን አውጥታችሁ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ያለበት ቦታ አኑሩት። ከ10 እስከ 13 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል።

ጅማ ላይ የሚያስቸግረው አምስተኛው ነው። ከተማዋ 1,700 ሜትር ከፍታን አልፋ የተቀመጠች ናት፤ የቆርቆሮ ቤት ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን እንቁላሉ ይተኛል፣ ብዙ ጊዜም ይሻግታል። ጥሩው ቦታ የፍሪጅ ጀርባ ነው፤ ሞተሩ ዘንድ ያለው ሙቀት ሌት ተቀን ብዙም አይለወጥም። መብራት የጠፋ ማታ ዕቃውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሉት፤ አየር ማስገቢያውን ግን አትድፈኑ። ከተፈለፈለ በኋላ እስኪያድግ ከ5 እስከ 7 ሳምንት ስለሚወስድ ሁለት ሳጥን በየተራ መያዝ ግድ ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል።

ለትንንሾቹ እንቁራሪቶች የፍራፍሬ ዝንብ የሚተካው የለም። ሙዝ በማያልቅበት አገር ይህን ማርባት ቀላል ነው። አንድ የበሰለ ሙዝ ደፍጥጡ፤ 3 የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ አቼቶ፣ ቁንጥር የዳቦ እርሾ ጨምሩ፤ በመስታወት ብርሌ ወይም በማርማላታ ጠርሙስ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጉ። አቼቶው ሻጋታን ይከላከላል። ዝንቡን በዚያው ቀን አታስገቡ፤ እርሾው እየፈላ የሚያወጣው ጋዝ ያፍናቸዋል። በማግስቱ የእንቁላል ትሪ ቁራጭ ጠቅልላችሁ ክተቱ፣ ከ30 እስከ 50 ዝንብ ጨምሩ፣ አፉን በድርብ ሻሽ ሸፍናችሁ በብር ማሰሪያ ላስቲክ እሰሩ። በጅማ የቤት ሙቀት አዲሱ ትውልድ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይወጣል። በየሳምንቱ አንድ አዲስ ጠርሙስ ጀምሩ። አራት ሳምንት ያለፈውን ጣሉት፤ ቅማል መሳይ ጥቃቅን ተባይ ይገባበትና ሌሎቹንም ያጠፋል።

መነሻ ዝንብ ለመያዝ ጫፉ ጠባብ ቀዳዳ ኖሮት እንደ ቀንድ የተጠቀለለ ወረቀት አፉ ላይ የተሰካበት ጠርሙስ ውስጥ የሻገተ የሙዝ ልጣጭ አድርጎ ጓዳ ማሳደር በቂ ነው። እነዚህ የኛ ዝንቦች ስለሚበሩ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ጠርሙሱን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ይደነዝዛሉ፤ በዚያ ፋታ ትነሰንሱባቸዋላችሁ፣ ታስገባላችሁ። ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ግን አይሁን፣ ይሞታሉ።

የዱቄት ትል በፉርሽካ ውስጥ ያለ ብዙ ድካም ይራባል። ሽፋኑ ጠንካራ፣ ቅባቱ ብዙ ስለሆነ በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ አትስጡ። ቆዳውን ገና ቀይሮ ነጭ የሆነውን ምረጡ። የጥቁሩ ወታደር ዝንብ እጭ የሚያገኝ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ከሁሉም ነፍሳት በተፈጥሮው ካልሲየም የሞላው እሱ ነው። ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ሳይፈጭ እንዳለ እንዳይወጣ በመርፌ አንድ ጊዜ ወጋ አድርጉት። ከመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ የሚወጣ ትል ግን ምንም ቢመስል አይነካ።

ከውጭ የሚለቀሙትስ? እኛ በፍጹም አትልቀሙ ከሚሉት ወገን አይደለንም። በሌሊት ነጭ አንሶላ ፊት ለፊት አምፖል አብርቶ የሚሰበሰብ የእሳት እራት ለእንቁራሪት ግብዣ ነው፤ ዝናብ ሲጀምር ከመሬት የሚፈልቀው ክንፋም ምስጥም እንዲሁ። ጥያቄው የት ተለቀመ ነው። ጫት ማሳ ላይ መድኃኒት ይረጫል። ለወባ መከላከያ በተረጨ ግድግዳ ላይ የሚንፏቀቅ በረሮ መርዙን ይዞ ነው የሚመጣው። ጓሮው ኬሚካል እንደማይነካው የምታውቁት ግቢ ከሌላችሁ ይቅርባችሁ። ጉንዳን፣ ንብ፣ ጠጉራም አባ ጨጓሬ፣ ደማቅ ቀይና ቢጫ ቀለም ያለው ጢንዚዛ፣ ሌሊት የሚያበራ ትል ሁሉ ከዝርዝሩ ይውጡ። ደማቅ ቀለም በነፍሳት ዓለም ማስጠንቀቂያ ነው።

የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት

የተዘጋጀ የካልሲየም ዱቄት ጅማ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። የእንቁላል ቅርፊት ግን አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከ100 ግራም ውስጥ 38 ግራሙ ካልሲየም ነው።

ቅርፊቱን እጠቡና በፈላ ውኃ 10 ደቂቃ ቀቅሉት፤ ሳልሞኔላ የሚባለውን የተቅማጥ ባክቴሪያ የሚገድለው ይህ ነው። ሳይቀዘቅዝ ውስጡ ላይ የተለጠፈውን ስስ ነጭ ሽፋን በጥፍራችሁ ላጡ። ይህን ሥራ የሚዘል ብዙ ነው፤ ሽፋኑ ሳይላጥ ሲወቀጥ እንደ ወረቀት ይቆራረጣል እንጂ አይልምም። ከዚያ በብረት ምጣድ ላይ፣ እሳቱ ለስለስ ብሎ፣ ሲጨብጡት ኩርሽም እስኪል አድርቁት። መቁላት አይደለም፣ ማድረቅ ነው፤ ቡናማ ከሆነ እሳቱ በዝቷል።

አሁን ወደ ሙቀጫው። የቡና ሙቀጫ ከሆነ አስቀድሞ በደንብ ይታጠብ፤ የቡና ቅሪት ካፌይን አለው፣ ለዚህች ፍጥረት የሚሆን አይደለም። ውቀጡ፣ በሻሽ ንፉ፣ የቀረውን መልሳችሁ ውቀጡ። መድረሱን የምታውቁት በሁለት ጣት መካከል አሽታችሁ ስታዩ ነው፦ አሸዋ አሸዋ ካለ ገና ነው፤ ስታሹት እንደ ታልክ ፓውደር ተንሸራቶ የጣታችሁን መስመር ከሞላው ደርሷል። ሸካራው ከፌንጣው ገላ ላይ ይራገፋል፤ እንቁራሪቷ ጋ ሳይደርስ ሣር ላይ ይቀራል። ከ4 እንቁላል ወደ 20 ግራም ያህል ይወጣል።

የፌንጣው ስንቅ

እንቁራሪቷ ከመብላቷ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በፊት የዕለቱን ፌንጣ ከዋናው ሳጥን ለዩና በትንሽ ዕቃ ይህን ስጧቸው፦

- ፉርሽካ 35 ግራም
- የአኩሪ አተር ወይም የሽምብራ ዱቄት 24 ግራም
- ጥላ ውስጥ ደርቆ የተፈጨ የሀበሻ ጎመን 20 ግራም
- የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት 21 ግራም

በጠቅላላው 100 ግራም ሲሆን 8 ግራሙ ካልሲየም ነው። ብዙ መስሎ ይታያል፤ ዓላማው ግን ፌንጣውን ማሳደግ አይደለም፣ አንጀቱን መሙላት ነው። በዚህ ስንቅ ከሁለት ቀን በላይ የቆየ ፌንጣ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ የዋናው ሳጥን ቀለብ ይህ መሆን የለበትም፤ እዚያ ፉርሽካ፣ ዱባና ካሮት ይበቃል።

ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንዱ ከስንቁ ጎን ብዙ ካሮትና ሙዝ መደርደር ነው፤ ፌንጣው እርጥቡን መርጦ ዱቄቱን ይንቀዋል። ለውኃ ጥም እርጥብ ጥጥ ወይም ጣት የምታክል አንድ የካሮት ቁራጭ ብቻ። ሁለተኛው ጎመንን በቆስጣ መተካት ነው። ከሂርማታ ገበያ ሁለቱን ጎን ለጎን ታገኟቸዋላችሁ፣ መልካቸውም ይቀራረባል። ቆስጣ ግን ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ካልሲየሙን አስሮ ያስቀረዋል፤ በአንድ እጅ የሰጣችሁትን በሌላው ይወስደዋል።

መነስነስ

ስንቁ ከውስጥ ነው፤ ብናኙ ከላይ። ሁለቱ አይተካኩም።

በባዶ የእርጎ ዕቃ ውስጥ ለ5 ፌንጣ የሻይ ማንኪያ አንድ ስምንተኛ ያህል ዱቄት አድርጉ። ፌንጣዎቹን ጨምሩ፣ ክዳኑን ይዛችሁ ሁለት ሦስቴ በዝግታ አሽከርክሩ። ስትከፍቱ ፌንጣው አመድ ላይ ተንከባሎ የተነሳ መምሰል አለበት፤ እግሩና አንቴናው ግራጫ፣ ዓይኑ ግን የሚታይ። ዱቄት ውስጥ የተለወሰ የሊጥ ድቡልቡል ከመሰለ በዝቷል፤ እንቁራሪቷ ትቀምሰውና ትተፋዋለች፣ በቀጣዩም ትጠረጥራለች። ወዲያው ስጡ። ፌንጣ ንጹሕ ፍጥረት ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ካገኘ እግሩን እየላሰ አራግፎት ይጨርሳል።

የሚያስፈልጉት ሦስት ናቸው፦ ንጹሕ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ3 (ሰውነቷ ካልሲየሙን እንዲወስድ የሚረዳው) የተቀላቀለበት ካልሲየም፣ እና ለእንቁራሪትና ለተሳቢ እንስሳት የተዘጋጀ መልቲቫይታሚን። የመጀመሪያውን ሠርታችኋል። ሁለቱን ቤት ውስጥ መሥራት አይቻልም፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስመጣት ነው።

ለሕፃኗ፦ በእያንዳንዱ ምግብ ካልሲየም፤ ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ቀን ዲ3 ያለበት፤ በሳምንት አንድ ቀን በካልሲየሙ ፋንታ መልቲቫይታሚን።

ላደገችው፦ ሰኞ ዲ3 ያለበት ካልሲየም፣ ረቡዕ ንጹሕ ካልሲየም፣ ዓርብ አንዱን ሳምንት መልቲቫይታሚን፣ ቀጣዩን ሳምንት ንጹሕ ካልሲየም።

የገዛችሁት ዱቄት ሁሉንም በአንድ የያዘ ከሆነ በማሸጊያው ላይ ያለውን ተከተሉ፤ ሌላ አትደራርቡ። ዲ3ም ቫይታሚን ኤም በሰውነት ቅባት ውስጥ ስለሚጠራቀሙ ትርፋቸው በሽንት አይወጣም፤ ይመርዛል። በዚሁ ምክንያት የሰው የቫይታሚን እንክብል ፈጭቶ መነስነስ፣ ወይም የዶሮ ቫይታሚን ከግብርና መድኃኒት መደብር ገዝቶ በግምት መጠቀም እንደ ብልሃት አይቆጠር። ለሁለት ኪሎ ዶሮ የተሰላውን ለ10 ግራም እንቁራሪት በዓይን ማካፈል አይቻልም።

ክረምቱ ለዱቄቱ ጠላት ነው። እርጥበት ሲገባበት ይጓጉላል፤ ቫይታሚኑም ይበላሻል። ጥብቅ ክዳን ባለው ጠርሙስ፣ ከሥሩ በጨርቅ የተቋጠረ የተቆላ ሩዝ አድርጋችሁ፣ ጨለማ ቦታ አኑሩ። ቫይታሚን ያለበትን የከፈታችሁበትን ቀን ጻፉበት፤ ስድስት ወር ካለፈው ግማሽ ቆርቆሮ ቢቀርም ጣሉት። የእንቁላል ቅርፊቱ አይበላሽም፤ ከጓጎለ አድርቆ መልሶ መንፋት ነው።

ስለ ቫይታሚን ኤ ለብቻው

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ቆም እንበል። ካሮትና ዱባ ቀለማቸው የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን ነው፤ ሰው ከሱ ቫይታሚን ኤ ይሠራል። እንቁራሪት ይህን በደንብ አትችልም። ፌንጣው የቱንም ያህል ካሮት ቢበላ ለእሷ ቫይታሚን ኤ አገኘች ማለት አይደለም። የመልቲቫይታሚኑን ማሸጊያ አገላብጡና «ሬቲኖል»፣ «ሬቲኒል አሲቴት» ወይም «ሬቲኒል ፓልሚቴት» የሚል ፈልጉ። «ቤታ ካሮቲን» ብቻ ካለ ሌላ ዱቄት ፈልጉ።

እጥረቱ ሲደርስ ምግብ ሰዓት ላይ ይታያል። ፌንጣው ይንቀሳቀሳል፤ እንቁራሪቷ ዞር ትላለች፣ ታነጣጥራለች፣ ትወረወራለች። ምላሷ ይነካዋል፣ ግን አይዘውም። ፌንጣው ይሄዳል። ደግማ ትሞክራለች፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ትታው ዓይኗን ትጨፍናለች። ዓይኗ ደክሞ አይደለም፤ ምላሷን የሚያጣብቀውን ንፍጥ የሚያመነጩት ዕጢዎች ደርቀው ነው። ብዙዎች «ምግብ ጠላች» ይላሉ። አልጠላችም፣ መያዝ አቅቷት ነው። በዚህ ደረጃ ያለችን እንቁራሪት በዱቄት ብቻ አትመልሷትም፤ የእንስሳት ሐኪም በክብደቷ ልክ ቀምሮ የሚሰጣት ጠብታ ያስፈልጋታል።

ብርሃን

ዲ3 በዱቄት ብትሰጡም ቀለል ያለ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይረዳል፤ ቆዳዋ ራሱ ዲ3 የሚሠራው በዚህ ብርሃን ነውና። የመስኮት መስታወት ይህን ብርሃን ያስቀራል፤ መስኮት ሥር ማስቀመጥ ሙቀት እንጂ ዲ3 አይሰጥም። ዝቅተኛ ኃይል ያለው የተሳቢ እንስሳት ቱቦ መብራት ካገኛችሁ ከወንፊት ክዳን በላይ ስቀሉት፤ ከሥሩ ቅጠል ይኑር፣ ስትፈልግ እንድትደበቅ። ከሌላችሁ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ዙሪያውን ወንፊት የሆነ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ፣ እርጥብ ቅጠል ሞልታችሁበት፣ ግማሹ ጥላ በሆነ ቦታ አውጧት። የመስታወት ሳጥኑን እንዳለ ፀሐይ ላይ ማውጣት ግን ምድጃ ላይ መጣድ ነው።

የምግቡ ማታ

ጨለም ሲል፣ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ስጡ። አስቀድማችሁ ሳጥኑን ውኃ ርጩበት፤ እርጥበቱ ያነቃታል። እጃችሁን ታጥባችሁ ሳሙናው በደንብ ይልቀቅ፤ ቅባት ወይም ሎሽን የነካው እጅ ቆዳዋን ይመርዛል፤ የምትተነፍስበትም የምትጠጣበትም ቆዳዋ ነውና። ከጨረሳችሁ በኋላም ታጠቡ፣ ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች።

በጅማ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። የደጋ ዝርያዎች ይችሉታል፤ የሞቃት አገሮቹ ግን ከ18 ዲግሪ በታች የሆዳቸው ሥራ ይዳከማል። የበላችው ሳይፈጭ ሆዷ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ትነፋለች፣ ትተፋለች። ክፍሉ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ከሆነ የምግቡን ሰዓት ወደ 11 ሰዓት ተኩል አምጡ፣ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ፣ ሳጥኑን ከውጭ ግድግዳ አርቁት።

ያልተበላ ፌንጣ አብሯት አይደር። ራቡ ሲጸናበት የተኛችን እንቁራሪት ጣትና ቆዳ ይበላል፤ ያ ቁስል ይመረቅዛል። የግድ ካደረ አንድ የካሮት ቁራጭ ከሳጥኑ ጥግ ጣሉለት፤ ጠዋት እዚያው ላይ ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ፣ ለመልቀምም ይቀላል።

የመጠጫና የመታጠቢያ ውኃዋ የቧንቧ ከሆነ ክፍት ዕቃ ውስጥ 24 ሰዓት አሳድሩት፣ ክሎሪኑ ይወጣል። የዝናብ ውኃ በጣም ጥሩ ነው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን ሳይሆን ሜዳ ላይ በተቀመጠ ሳፋ በቀጥታ የተጠራቀመውን። ከጣሪያው ዚንክ ይታጠብና ይወርዳል።

ምልክቶችን ማንበብ

አዲስ የገባች እንቁራሪት ጥቂት ቀን ባትበላ አትደንግጡ፤ ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍኑ፣ አትንኳት። ቆዳዋን ስትቀይርም አትበላም፤ ያን ቀን አፏን እየከፈተች የራሷን ቆዳ ስትውጥ ታዩዋታላችሁ፣ ጤነኛ ነገር ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። የታችኛው መንጋጋ ከጎን ሲታይ ወደ ታች ከሰገገ ወይም አፏ ሙሉ በሙሉ ካልገጠመ፣ የኋላ እግሯ ጣቶች ከተንቀጠቀጡ፣ ስትዘል በአንድ ጎን ከወደቀች፣ ጀርባዋ ከጎበጠ አጥንቷ ካልሲየም እያጣ ነው። በዚያ ጊዜ የዱቄቱን መጠን በራሳችሁ እጥፍ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም፤ ከፍ ካለ እንጨት ላይ እንዳትወድቅ ሳጥኑን ዝቅ ባለ ቅጠል ሙሉና ወደ ሐኪም ውሰዷት።

ከሁሉም ቀድሞ የሚናገረው ሚዛን ነው። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ከምግብ በፊት መዝኑ። ቡና የሚቀምሱ ሰዎች የሚጠቀሙበት 0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን ይበቃል፤ የጅማ ሰው እንዲህ ያለ ሚዛን ማንን እንደሚለምን አይጠፋውም። ባዶውን ክዳናም ዕቃ መዝናችሁ ዜሮ አድርጉት፣ እንቁራሪቷን አስገቡ፣ ጻፉ። 12 ግራም የነበረች 10.8 ከደረሰች ከሰውነቷ አሥር በመቶ ሄዷል፤ ዓይናችሁ ገና ምንም ላያይ ይችላል።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍልም ስላለው መነሻ የሚሆን አለ፣ እንቁራሪቷን ክዳኑ በተበሳ ዕቃ፣ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ከፀሐይ ከልላችሁ ውሰዷት። የክብደት መዝገቡን፣ የምትነሰንሱትን ዱቄት ማሸጊያ፣ በተቻለም ምግብ ስትይዝ የሚያሳይ የስልክ ቪዲዮ አትርሱ። እንቁራሪቷ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ፈርታ ዝም ትላለች፤ ምላሷ እንዴት እንደሚስት የሚያሳየው ያ ቪዲዮ ነው።